ትንፋሽን በቁመት የለካው ሐኪም

ሰሞኑን ሳል አልለቅ ብሎኝ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ነርሷ ቱቦው ላይ እንድነፋ ከማድረጓ በፊት ቁመቴን ጠየቀችኝ። የሳንባ ምርመራና ቁመት ምን አገናኛቸው ብዬ ገረመኝ። አጭር ስለሆንኩ ትንሽ አፈር አልኩና 4 ሴንቲ ሜትር ጨምሬ ነገርኳት። ቤት ገብቼ ስልኬን ስጎረጉር ለካ የዚህ ጥያቄ ባለቤት ጆን ሃቺንሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። እስቲ ስለ እሱ ላጫውታችሁ።

ሃቺንሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1811 በሰሜን እንግሊዝ፣ ኒውካስል አካባቢ ተወለደ። ሕክምና ያጠናው ለንደን ነው። ዘመኑ የሳንባ ነቀርሳ ሰውን እንደ ቅጠል የሚያረግፍበት ነበር። ኤክስሬይ የለም፤ በሽታው የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። ለሕይወት ኢንሹራንስ ድርጅትም ይሠራ የነበረው ሃቺንሰን፣ በሽታውን ቀድሞ የሚያሳብቅ መሣሪያ ፈለገ።

የሠራው ነገር ቀላል ነው። ውኃ ላይ የተደፋ በርሜል መሰል ዕቃ፤ ሰው አየር እስከ ጥግ ስቦ ሲነፋበት ከፍ ይላል። ስፓይሮሜትር አለው። በ1846 ያሳተመው ጥናት ከ2,000 በላይ ሰዎችን የለካበት ነው፤ መርከበኛው፣ ፖሊሱ፣ እሳት አደጋ ሠራተኛው፣ ቦክሰኛው፣ ድኃውም ሀብታሙም ነፍተዋል። ውጤቱ አስገራሚ ነበር። ወሳኙ የደረት ስፋት ሳይሆን ቁመት ሆኖ ተገኘ። ቁመት በ1 ኢንች በጨመረ ቁጥር የሚነፋው አየር በ8 ኩቢክ ኢንች፣ ማለትም በ130 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጨምራል። ከቁመቱ አንጻር ትንሽ የሚነፋ ሰው እንግዲህ ያጠራጥራል።

በ1852 ግን ሁሉን ትቶ ወርቅ ወደተገኘባት አውስትራሊያ ተጓዘ። በ1861 ፊጂ ደሴቶች ላይ በ50 ዓመቱ አረፈ።

የመጀመሪያው የሰው ሳንባ ንቅለ ተከላ በአሜሪካ ሚሲሲፒ የተደረገው ከዚያ ከ100 ዓመት በኋላ፣ በ1963 ነው። ታካሚው የኖረው 18 ቀን ብቻ ነበር። ዛሬ ሳንባ ሲገኝ ሐኪሞች ከደም ዓይነት ሌላ የለጋሹንና የታካሚውን ቁመትና ጾታ ያያሉ። በሚጠቀሙበት አንድ ስሌት 1 ሜትር ከ80 የሆነ ወንድ ሳንባ 7.3 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ 1 ሜትር ከ60 የሆነች ሴት ግን 4.8 ሊትር ገደማ። የእሱ ሳንባ እሷ ደረት ውስጥ ቢገባ ይጨናነቃል፣ በደንብ አይነፋም። የእሷ ለእሱ ቢሰጥ ደግሞ ትንሹ ሳንባ የትልቅ ሰውነት ደም ይበዛበትና ሊጎዳ ይችላል።

ለዚህ ነው አጫጭር ታካሚዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ ልካቸው እስኪገኝ ረዘም ያለ ጊዜ የሚጠብቁት። አንዳንዴ ቀዶ ሐኪሞች ትልቁን ሳንባ ቆርጠው ያሳንሱላቸዋል። ሳይደርሳቸው የሚያልፉም አሉ።

የእኔ ነገርስ? የጨመርኳት 4 ሴንቲ ሜትር ከእኔ የሚጠበቀውን አየር ከፍ አድርጋ፣ ጤነኛውን ሳንባዬን ደካማ ልታስመስለው ትችላለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ጫማዬን አውልቄ እለካለሁ። እናንተም ስትጠየቁ እውነቱን ተናገሩ።