ከቅኔ ቤት እስከ ሎንዶን፦ የመንግሥቱ ለማ የትምህርት ጉዞ

ከመገናኛ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚዘልቀው መንገድ ዛሬ ግራ ቀኙ በሕንፃና በመኖሪያ ቤት የተሞላ ነው። በ1930ዎቹ ዓ.ም. ግን ኮተቤ ከከተማው ወጣ ያለ፣ በእርሻና በመስክ የተከበበ ገጠር ነበረ። በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍል የመጡ ወጣቶችን በአዳሪነት ተቀብሎ ያስተምር የነበረው በዚሁ በኮተቤ ነው። በዚያ ከተማሩት ወጣቶች አንዱ በኋላ ዘመን በባለቅኔነታቸውና በተውኔት ደራሲነታቸው ስማቸው የገነነው መንግሥቱ ለማ ነበሩ።

መንግሥቱ ኮተቤ የደረሱት ባዶ እጃቸውን አልነበረም። አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ በቅኔና በመጻሕፍት ትርጓሜ የታወቁ ሊቅ ስለ ነበሩ፣ ልጃቸው በሐረር ሲያድጉ ፊደል ከመቁጠር አልፈው ቅኔ እስከ መቁጠር ደርሰዋል። አለቃ ለማ ራሳቸው በወጣትነታቸው ትምህርት ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር የተዘዋወሩ ሰው ነበሩ። ያን ዘመን ለሚያውቅ ሰው፣ አገር ጥሎ፣ አኮፋዳ አንግቦ፣ የሰው ደጅ ጠንቶ መማር ለኢትዮጵያዊ ተማሪ አዲስ ነገር አለመሆኑ ግልጽ ነው። አዲስ የነበረው የመንገዱ ርዝመትና የሚደረስበት አገር ነው።

የዚያ ትውልድ ወጣቶች ለከፍተኛ ትምህርት ባሕር ማዶ የሚሻገሩበት ምክንያት ሁለት ነበረ። አንደኛው፣ በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ቀርቶ ኮሌጅ እንኳ አለመኖሩ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው ደግሞ የጦርነት ቁስል ነው። ከ1928 ዓ.ም. በፊት በውጭ አገር ተምረው ከተመለሱት ጥቂት ምሁራን ብዙዎቹ በፋሺስት ወረራ ጊዜ፣ ይልቁንም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተፈጸመው ጭፍጨፋ አልቀዋል። ስለዚህ ከነጻነት በኋላ ወደ ውጭ የሚላክ ተማሪ የሚማረው ለራሱ ብቻ አልነበረም፤ የሞቱትን ሰዎች ስፍራ የመሙላት ዕዳ ተሸክሞ ይሄድ ነበር።

መንግሥቱ ለማ ወደ እንግሊዝ አገር የተሻገሩት በ1940ዎቹ ዓ.ም. መባቻ ነው። ዛሬ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ተማሪ የሚሸኝበት የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያን ጊዜ አልተሠራም። የደረሱባት ሎንዶን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍርስራሽ ገና ያላገገመች ከተማ ስትሆን፣ እርሳቸው የገቡበት የሎንዶን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ደግሞ የሶሻሊዝም አሳብ በሰፊው ይነገርበት የነበረ ነው። ትምህርት ቤቱን በ1895 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ የተውኔት ደራሲው በርናርድ ሾው መሆኑም ለመንግሥቱ ልዩ ትርጉም ነበረው። ሾው ሳቅን የማኅበራዊ ሂስ መሣሪያ ያደረገ ደራሲ ነው፤ ወጣቱም ኢትዮጵያዊ ከኢኮኖሚክሱ ይልቅ በተውኔቱ ጥበብ ተማረከ። ህንድ ነጻ የወጣችበት፣ የአፍሪካም ተማሪዎች በሎንዶን ስለ ነጻነት የሚከራከሩበት ወቅት ስለ ነበረ፣ መንግሥቱም በኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ማኅበር እየተሳተፉ ብዕራቸውን ይለማመዱ ነበር።

ከተመለሱ በኋላ በመንግሥት ሥራ ላይ ተሰማሩ፤ በኒው ዴልሂ በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲም በዲፕሎማትነት አገለገሉ። እውነተኛው ፈተና ግን የሥራ ቦታ ማግኘት አልነበረም። ባሕር ማዶ የተማረ ሰው ለወገኑ ባዕድ ሳይሆን የተማረውን እንዴት ያካፍል? ይህ ጥያቄ ድርሰቶቻቸውን ሁሉ ሰርስሮ ያልፋል። «ያላቻ ጋብቻ» በተባለው ተውኔታቸው፣ በውጭ አገር ተምሮ የመጣው ባሕሩ ምቾቱንና ማዕረጉን ትቶ ገጠር ወርዶ ሲያስተምር፣ በዘርና በሀብት አቻው ያልሆነችውንም ሲያፈቅር ከዘመዶቹ ጋር ይጋጫል። «ጠልፎ በኪሴ» ደግሞ ዘመናዊ ነን የሚሉ ወጣቶች የጠለፋ ጋብቻን ልማድ ሲሞክሩ ያሳየናል። በ«ባሻ አሸብር በአሜሪካ» ግጥማቸውም በአገሩ ተከብሮ የኖረ ኢትዮጵያዊ በባዕድ አገር የቆዳ ቀለም ልዩነት ሲገጥመው የሚደርስበትን ግራ መጋባት በሚያስቅና በሚያሳዝን ቋንቋ ገልጸውታል።

ሆኖም መንግሥቱ የሎንዶኑን ሲይዙ የቅኔ ቤቱን አልጣሉም። በ1963 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ስለ አማርኛ ግጥም ቤት አመታትና ምጣኔ በእንግሊዝኛ የጻፉት ጥናት በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ወጣ፤ ከአባታቸው ዘንድ የተማሩትን ባሕር ማዶ በቀሰሙት የትንተና ስልት አብራርተው ለዓለም አቀረቡ። የእንግሊዛዊውን የፕሪስትሊን ተውኔት «ጠያቂ» ብለው ወደ አማርኛ ሲመልሱም የባዕዱን ታሪክ ለኢትዮጵያዊ ተመልካች በሚገባ አገባብ አለበሱት። ከሁሉ በላይ ግን በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙት «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ» ይጠቀሳል። አባታቸው በቃል የነገሯቸውን የተማሪ ቤት ገጠመኝ፣ የሊቃውንቱን ወግና የዘመኑን ታሪክ በአለቃ ለማ አንደበት ጽፈው ለትውልድ አቆዩት። ሎንዶን ደርሶ የመጣው ልጅ፣ በእግሩ ከደብር ደብር የተጓዘው አባት ጸሐፊ ሆነ ማለት ነው።

በመጨረሻው ዘመናቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተውኔት ጥበብ አስተማሩ፤ በ1980 ዓ.ም. ዐረፉ።

ዛሬ ኮተቤ ራሷ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ወደ ውጭ የሚሄደውም ወጣት የሚሄደው በአገሩ ኮሌጅ ስለጠፋ አይደለም። ስለዚህ የመንግሥቱ ለማ ሕይወት ለሙያ ማኅበራችን አባላት የሚተወው ቁም ነገር ስለ ጉዞው ሳይሆን ስለ ስንቁ ነው። የአገሩን ዕውቀት አደላድሎ የያዘ ተማሪ ባሕር ማዶ ሲሻገር የሚመዝንበት ሚዛን ይኖረዋል፤ የሚጠቅመውን ለይቶ ይወስዳል፣ የማይጠቅመውን ስቆ ያልፋል። ያን ስንቅ ሳይዝ የሄደ ግን፣ ዲግሪውን ይዞ ቢመለስም፣ የተማረውን የሚያወራርስበት ቋንቋ ያጥረዋል። ይህን ስንቅ ለወጣቱ ማዘጋጀት ደግሞ ከአየር ማረፊያው ሽኝት አስቀድሞ፣ በየክፍሉና በየቤቱ የሚሠራ ሥራ ነው።