በሽንፈቱ የሚታወቀው ሻምፒዮን

ስልካችሁ ላይ ቼዝ የምትጫወቱ ከሆነ ይቺን ጨዋታ ሳታዩዋት አትቀሩም። ቦታው ለንደን፣ ጊዜው ጥቅምት 1912 ነው። ነጩን የያዘው ኤድዋርድ ላስከር የሚባል ወጣት ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። ገና በ11ኛው እርምጃ ንግሥቱን አምጥቶ ጥቁሩ ንጉሥ አጠገብ ዱብ ያደርጋታል። ንጉሡ ይበላታል፤ ሌላ ምርጫም የለውም። ከዚያ በኋላ ማረፍ የሚባል ነገር የለም። ቼክ፣ ቼክ፣ አሁንም ቼክ! ምስኪኑ ንጉሥ ከራሱ ግቢ ወጥቶ፣ ሰሌዳውን ሙሉ አቋርጦ፣ በጠላት መሀል እየተነዳ እስከ መጨረሻው መስመር ይሄድና በ18ኛው እርምጃ እዚያው ማት ይሆናል። ጨዋታዋ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። ዩቲዩብ ላይ ግን ዛሬም አላረጀችም።

አሸናፊውን ሁሉም ያደንቃል። ንጉሡ እንደዚያ የተንከራተተበት ተሸናፊ ማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም።

ስሙ ጆርጅ ቶማስ ነው። በኋላ ሰር ጆርጅ ቶማስ። ያን ቀን ከቼዝ ሰሌዳው ፊት የተቀመጠው ሰው በባድሚንተን የእንግሊዝ ቁንጮ ነበር። በቴኒስም ቢሆን ከአንድ ዓመት በፊት በዊምብልደን የነጠላ ውድድር ሩብ ፍጻሜ ደርሷል። ላስከር በኋላ እንዳወራው፣ ቶማስ ከተሸነፈ በኋላ ፊቱን አላጠቆረም፤ ጨዋታው ግሩም እንደነበር ተናገረ። ላስከር ያኔ እንግሊዝኛ አያውቅም ነበርና ከተመልካቾቹ አንዱ ተረጎመለት። በገዛ ንጉሡ ላይ እንደዚያ ያለ ጉድ የሠራበትን ሰው የሚያመሰግን ተጫዋች ላስከርን በጣም ነበር ያስገረመው። ይህን ጠባይ ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ እንፈልገዋለን።

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጆርጅ የተወለደው በ1881፣ ዛሬ ኢስታንቡል በምንላት ከተማ አቅራቢያ ነው። ቤተሰቡ ባላባት ነው፤ ባሮኔት የሚባለው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የእንግሊዞች ማዕረግ ነበራቸው። ቼዝን ያወረሰችው ግን እናቱ ናት። ሌዲ ኢዲት ቶማስ በ1895 ሄስቲንግስ በምትባለው የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ በተደረገው የሴቶች የቼዝ ውድድር አሸናፊ ነበረች። ልጇ ያኔ 14 ዓመቱ ነው።

ስለ ባድሚንተን ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም የሰውዬው ታሪክ የጨዋታውም ታሪክ ነው። ስሙን ያገኘው ባድሚንተን ከሚባል የእንግሊዝ መስፍን ቤት ነው። ጨዋታውን ወደ ዘመናዊ ስፖርትነት ያስጠጉት ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ህንድ ውስጥ፣ በተለይ ፑና አካባቢ የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች ናቸው። ላባ የተሰካባት ቀላል ነገር በራኬት እየመታችሁ በመረብ ላይ ማሳለፍ ነው፣ በቃ። ቀላል ይመስላል። ላባዋ ግን ስትመታ እንደ ጥይት ትወጣና አየሩ ሲይዛት ድንገት ትሞታለች። ስለዚህ ተጫዋቹ አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ወደ መረቡ ሲሮጥ ነው የሚውለው። ጉልበትና ትንፋሽ የሚበላ የወጣት ጨዋታ ነው።

የዚያ ዘመን ትልቁ ውድድር በ1899 የተጀመረው ኦል ኢንግላንድ ነበር። የዓለም ሻምፒዮና የሚባለው የመጣው በ1977 ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ኦል ኢንግላንድን ያሸነፈ ሰው የዓለም አንደኛ ተብሎ ነበር የሚቆጠረው። ቶማስ የመጀመሪያውን ድል ያገኘው በ1903፣ በ21 ዓመቱ፣ ከኤቴል ቶምሰን ጋር በድብልቅ ጥንድ ነው። ይህቺ ኤቴል ቶምሰን ደግሞ በኋላ በትዳር ስሟ በ1912 የዊምብልደንን የሴቶች ነጠላ ያሸነፈችው ናት። ዘመኑ አንድ ሰው ሦስት አራት ስፖርት የሚይዝበት ነበር። ቶማስ ራሱ ገና ሳር ላይ የሚጫወቱት ሆኪም ይቀረው ነበር፤ እሱንም ተጫውቷል።

በጥንድ ጨዋታ ዓመት እየቆጠረ ያሸንፍ ነበር። በነጠላ ግን አልሆነለትም። ከዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣና ውድድሩ ከ1915 እስከ 1919 ተቋረጠ። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ላለ ስፖርተኛ አምስት ዓመት ማለት የቀረው ሁሉ ማለት ነው። ቶማስም በነጠላ ሳያሸንፍ ያልፋል ብሎ የገመተ ቢኖር ሞኝ አይባልም።

በ1920 ውድድሩ ተመለሰ። የሚካሄደው ለንደን ውስጥ፣ የአበባ ኤግዚቢሽን በሚታይበት የአትክልተኞች ማኅበር አዳራሽ ነበር። ቶማስ 38 ዓመቱ ነው። ነጠላውን አሸነፈ። በ1921 ደገመ። በ1922 ሠለሰ። በ1923 አራተኛውን ሲወስድ 41 ዓመቱ ነበር። ያን ዓመት ደግሞ ሳውዝሲ በተባለች ከተማ የብሪታኒያ የቼዝ ሻምፒዮን ሆነ። በአንድ ዓመት፣ አንዱን በእግሩ፣ አንዱን ተቀምጦ። በዚያው ዓመት ስለ ባድሚንተን አጨዋወት መጽሐፍ አሳተመ። ሰውዬው መቼ ይተኛ ነበር ያሰኛል።

የመጨረሻውን የኦል ኢንግላንድ ድሉን በ1928 በወንዶች ጥንድ ሲያገኝ 46 ዓመቱ ነበር። ሲደመር አራት በነጠላ፣ ዘጠኝ በወንዶች ጥንድ፣ ስምንት በድብልቅ፣ በድምሩ 21 ድሎች።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ያኔ ባድሚንተን የጥቂት ሰዎች ጨዋታ ነበር። ኦል ኢንግላንድ የሚመጡት በአብዛኛው ከብሪታኒያና ከአየርላንድ ሲሆኑ፣ ጊዜና ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ቶማስም ባላባት ነው። የህንድ፣ የማላያ ወይም የቻይና ወጣት መረቡ ማዶ አልቆመበትም። ስለዚህ 21 የሚለውን ቁጥር ከዛሬ ሻምፒዮኖች ጋር ማወዳደር አያስኬድም። እኔን ከ21ዱ ድል ይልቅ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው፤ ጨዋታው የሱና የጓደኞቹ ሆኖ እንዲቀር ማድረግ ይችል ነበርና።

በሐምሌ 1934 ዘጠኝ አገሮች ተሰብስበው ዓለም አቀፉን የባድሚንተን ፌዴሬሽን መሠረቱ። እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስ፣ አየርላንድ፣ ዴንማርክ፣ ኔዘርላንድስ፣ ፈረንሳይ፣ ካናዳና ኒው ዚላንድ። ከእስያ አንድም የለም። ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ነው፤ ወንበሩ ላይ እስከ 1955 ቆየ። ይህም በአጋጣሚ 21 ዓመት ነው።

ፕሬዚዳንት ሆነ ማለት ደግሞ ራኬቱንም ቼዙንም ሰቅሎ ወንበር ላይ ተኛ ማለት አይደለም። በዚያው በ1934፣ በ53 ዓመቱ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የብሪታኒያ የቼዝ ሻምፒዮን ሆነ። ዓመቱ ሲያልቅ እናቱ ባሸነፈችባት በሄስቲንግስ ታላቅ ውድድር ተከፈተ። የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ካፓብላንካ አለ። ወደፊት የዓለም ሻምፒዮን የሚሆኑት ኧቬና ቦትቪኒክ አሉ። ሽማግሌው ካፓብላንካንም ቦትቪኒክንም አሸነፋቸው! መጨረሻው ዙር ላይ አቻ ቢወጣ ብቻውን አንደኛ ነበር። እሱን በአገሩ ልጅ በሚቸል ተሸነፈና አንደኝነቱን ከኧቬና ከፍሎር ጋር ተካፈለ። የቼዝ ሰዎች ይህን እስከ ዛሬ ያወሩታል፤ ግማሹ በድሉ ይገረማል፣ ግማሹ በሽንፈቱ ይቆጫል።

ወደ ባድሚንተን እንመለስ። በ1939 ቶማስ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ቴኒስ ዴቪስ ካፕ የሚባል የአገሮች የቡድን ውድድር አለው፣ ባድሚንተንም ይኑረው አለ። ዋንጫውንም ራሱ ሰጠ። ቶማስ ካፕ የተባለው ለዚህ ነው። ሐሳቡ እንደ ቀረበ ግን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ጦርነቱ ሲታወጅ ቶማስ ራሱ ከእንግሊዝ የቼዝ ቡድን ጋር አርጀንቲና፣ ቦነስ አይረስ ነበር። እንግሊዞቹ ኦሊምፒያዱን አቋርጠው ወጡ። ዋንጫውም ተጫዋች ሳያገኝ ዓመታት ተቀመጠ። ይህ ሰው ጦርነት ሁለት ጊዜ ነው ከመንገድ ላይ ያቆመው።

የመጀመሪያው ቶማስ ካፕ የተጀመረው በ1948 ነው። አሥር አገሮች ገቡ። ፍጻሜው በየካቲት 1949 በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው ፕሬስተን ከተማ ተደረገ። መረቡ ወዲህ ዴንማርክ፣ ወዲያ ማላያ።

ማላያ ማለት የዛሬዋ ማሌዥያ መሠረት ናት፤ ያኔ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። ነጻ የወጣችው በ1957 ነው። እነዚህ ልጆች የገዢዎቻቸውን ጨዋታ ተምረው፣ ባሕር ተሻግረው፣ በገዢዎቻቸው አገር፣ በብርዱ ወር ለፍጻሜ ቀረቡ። ዘጠኝ ጨዋታ ነው የሚደረገው። ማላያ ስምንቱን ወሰደች። 8 ለ 1! ዋንጫው አገር እንኳ ተብላ ያልተቆጠረች ምድር ገባ።

ከዚያ በኋላ በሩ ተከፍቶ ቀረ። በዚያው ዓመት ኡይ ቴክ ሆክና ቴዎ ሴንግ ኩን የተባሉ ማላያውያን የኦል ኢንግላንድን የወንዶች ጥንድ ወሰዱ። በ1950 ዎንግ ፔንግ ሱን ነጠላውን በማሸነፍ የመጀመሪያው እስያዊ ሆነ። በ1951ና በ1952 ደገመው። በ1955 ወደ አርባ እየተጠጋ ሳለ አራተኛውን ጨመረ። በነጠላ አራት ድል፣ ልክ እንደ ቶማስ፤ የመጨረሻውን ያገኘበት ዓመት ደግሞ ቶማስ የፕሬዚዳንትነቱን ወንበር የለቀቀበት ነው። ማላያ ቶማስ ካፕን በ1952ም በ1955ም አልለቀቀችም። በ1958 ኢንዶኔዥያ ነጠቀቻት።

እንግሊዝስ? እንግሊዝ ቶማስ ካፕን አንድም ቀን አሸንፋ አታውቅም። እስከ 2024 ድረስ ዋንጫውን የወሰዱት ስድስት አገሮች ብቻ ናቸው። ማሌዥያ (ማላያን ጨምሮ)፣ ኢንዶኔዥያ፣ ቻይና፣ ጃፓን፣ ዴንማርክ እና ህንድ። ከስድስቱ አምስቱ እስያውያን ናቸው። ህንድ የገባችው በ2022 ነው፤ ባንኮክ ላይ 14 ጊዜ ሻምፒዮን የነበረችውን ኢንዶኔዥያን 3 ለ 0 ስትረታ፣ የፑናዎቹ መኮንኖች ከተጫወቱ አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኖ ነበር።

አንዳንድ እንግሊዛዊ በዚህ ሳይበሽቅ አልቀረም። ቶማስ ግን በ1912 ንጉሡ እስከ ሰሌዳው ጫፍ ሲነዳ አይቶ አሸናፊውን ያመሰገነ ሰው ነው።

ቼዝን እስከ እርጅናው አልተወም። ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን በ1950 የኢንተርናሽናል ማስተርነት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የዳኝነት ማዕረግ ሰጥቶታል። ሚስት አላገባም፣ ልጅ አልወለደም። በሐምሌ 1972 በ91 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ሲሞት የቤተሰቡ የባሮኔትነት ማዕረግም አብሮት አበቃ፤ የሚወርሰው አልነበረምና። ዋንጫው በዚያ ቀን ከእንግሊዝ በጣም ርቆ በኢንዶኔዥያውያን እጅ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጃካርታ ላይ ዴንማርክን ገጠሙና እዚያው አስቀሩት። ውጤቱ እንደ ፕሬስተኑ 8 ለ 1 ነበር።