የቁልፍ ሠሪው የላይነስ ዬል የሕይወት ታሪክ

ከታዋቂ ሰዎች መካከል የአንዳንዶቹ ስም በሐውልት ላይ፣ የአንዳንዶቹም በአደባባይ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የላይነስ ዬል ስም ግን የሚገኘው ሰው በኪሱ ይዞት በሚዞረው ትንሽ ብረት ላይ ነው። ስለዚህ ስሙን በእጁ የዳሰሰ ሰው በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሲሆን፣ ታሪኩን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እኔም ስለዚህ ሰው ያነበብሁትን፣ እዚሁ በፀዳ ካየሁት ነገር ጋር አያይዤ ለውድ አንባቢያን ባጭሩ ለማቅረብ አስቤአለሁ።

ላይነስ ዬል በአሜሪካ አገር፣ በኒውዮርክ ግዛት፣ ሳልስበሪ በምትባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1821 ተወለደ። አባቱም ስሙ ላይነስ ዬል ይባል ነበር። አባትዬው የባንክ ቁልፍ በመሥራት የታወቀ ብልህ ሰው ሲሆን፣ ኒውፖርት በተባለች ከተማ የቁልፍ መሥሪያ ቤት ነበረው። የልጁ ፍላጎት ግን ሌላ ነበረ። እርሱ ሥዕል ይወድ ስለ ነበር በወጣትነቱ ዘመን የሰዎችን መልክ እየሣለ ይኖር ነበር። በኋላ ግን ብሩሹን አስቀምጦ ወደ አባቱ ሙያ ተመለሰ። ሥዕል ያስተማረው ጥንቃቄና የእጅ ርጋታ ግን ለቁልፉም ሥራ ሳይጠቅመው እንዳልቀረ እገምታለሁ።

በዚያን ዘመን ቁልፍ ሠሪዎች ሁሉ የኔ ቁልፍ በሌባ አይከፈትም እያሉ ይፎክሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደን ታላቅ ኤግዚቢሽን በተደረገ ጊዜ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ፣ ለከፈተው ሰው ሽልማት ተመድቦለት ከ60 ዓመት በላይ የኖረውን የብራማን ቁልፍ፣ ከ50 ሰዓት በላይ ደክሞ ከፈተው። ይህ ነገር ብዙ ሰው አስደነገጠ። ወጣቱ ዬል በበኩሉ ሆብስ ራሱ ይመካበት የነበረውን ቁልፍ ለመክፈት ቻለ። ጥሩ ቁልፍ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የቁልፍን ድካም መርምሮ ማወቅ እንዳለበት ገብቶት ነበርና።

የጥንት ግብፃውያን ከእንጨት የተሠራ፣ በውስጡ የሚወድቁና የሚነሡ ዘንጎች ያሉት ቁልፍ ነበራቸው። ዬል ይህንኑ የቆየ ዘዴ በብረት አሻሽሎ ሠራና እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1865 የፈጠራ መብት ተሰጠው። ከዚያ በፊት የትልቅ በር መክፈቻ የበሩን ውፍረት ማለፍ ስለ ነበረበት ረጅምና ከባድ ነበረ። የዬል ግን ትንሽና ጠፍጣፋ ሆነ።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። በቁልፉ ውስጥ አንድ የሚዞር ድቡልቡል ብረት አለ። በዚህ ብረትና በያዘው ቤት መካከል፣ ብዙውን ጊዜ አምስት የሚሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ለሁለት የተከፈሉ ቀጫጭን ዘንጎች ቆመዋል፤ ከላያቸውም ሞላ ይጫናቸዋል። መክፈቻ ሳይገባ ዘንጎቹ ሁለቱን ብረቶች አያይዘው ስለሚይዙ ድቡልቡሉ አይዞርም። ትክክለኛው መክፈቻ ሲገባ ግን ጥርሶቹ እያንዳንዱን ዘንግ በልኩ ያነሡታል፤ የዘንጎቹም መከፈያ ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ሲውል ድቡልቡሉ ይዞራል። ከአምስቱ አንዱ እንኳ ጥቂት ቢያንስ ወይም ቢበልጥ በሩ አይከፈትም።

የዚህን ነገር እውነትነት ባለፈው ዓመት በዓይኔ አይቻለሁ። ከገጠር መጥተው በፀዳ ቤት ተከራይተው ከሚማሩ ጓደኞቼ አንዱ፣ በፈተና ዋዜማ የክፍሉን በር ሊከፍት ሲል መክፈቻው ለሁለት ተሰበረ። ራሱ በእጁ፣ ጥርሱ በቁልፉ ውስጥ ቀረ። የፈተና መግቢያ ካርዱ በክፍሉ ውስጥ ነበር። ከተሰበሰቡት ሰዎች ከፊሎቹ በሩ በመጥረቢያ ይፈለጥ ሲሉ፣ የቤቱ ባለቤት የሆኑት እናት ደግሞ ሌላ በር ማሠሪያ ገንዘብ እንደሌላቸው እያስረዱ በሩን ተደግፈው ቆሙ።

በመጨረሻ ከአዘዞ አንድ ቁልፍ ሠሪ ተጠርቶ መጣ። አንድ ሰው ሌላ መክፈቻ ሊያስገባ ሲሞክር ከለከለው፤ ስባሪው ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገባልና። መክፈቻው የተሰበረው ጥቂት ከዞረ በኋላ ስለ ነበረ፣ ሠሪው መጀመሪያ በቀጭን ካቻቢቴ ድቡልቡሉን ወደ ቀድሞ ቦታው መለሰው። ድቡልቡሉ ሲዞር ዘንጎቹ ወደ ላይ የሚሸሹበት ቀዳዳ ስለሚዘጋ ስባሪውን ነክሰው ይይዙታል። ከዚያም የእርሳስ ውስጡን ፈጭቶ እንዲያለሰልስ ነፋበት፤ የብረት መጋዝ ቀጭን ስባሪ በጎን አስገብቶም የመጋዙን ጥርስ ከመክፈቻው ጥርስ ጋር እያያዘ ቀስ ብሎ ሳበው። ብቅ ሲል በወረንጦ አወጣው። ሁለቱን ስባሪ ገጥሞ፣ ልኩን እያየ በሞረድ አዲስ መክፈቻ ቀረጸ። በሩ ተከፈተ፤ ጓደኛዬም በማግስቱ ለፈተና ተቀመጠ። ነገር ግን ከቆሙት አንዱ፣ ሥራው አጭር ጊዜ ስለ ፈጀ ዋጋው በዛ ብሎ ባለሙያውን በሙያው ዘለፈው። ሠሪው መልስ ሳይሰጥ ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ።

ወደ ዬል ታሪክ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1868 ሄንሪ ታውን ከተባለ የ24 ዓመት ወጣት መሐንዲስ ጋር ማኅበር ገብቶ፣ በኮነቲከት ግዛት በስታምፎርድ ከተማ ፋብሪካ ለማቋቋም ጀመረ። ነገር ግን በዚያው ዓመት በታኅሣሥ 25 ቀን፣ ለሥራ ወደ ኒውዮርክ ሄዶ ሳለ፣ በድንገተኛ የልብ በሽታ በ47 ዓመቱ ዐረፈ። የሥራውን ፍሬ አላየም። ታውን ግን ሥራውን ተረክቦ ስለ ቀጠለ የዬል ስም ዓለምን አዳረሰ።

በዚሁ ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የቋራው ተወላጅ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሞቱ። እርሳቸውም በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ብረት የሚያቀልጡ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ነበር። ነገር ግን ከሞታቸው በኋላ ፈረንጆቹ ሠሪዎች አገሩን ለቀው ሲወጡ ሥራውን ተረክቦ የሚያስፋፋ አልተገኘም። ይህም የሆነው ብረት የሚሠራ እጅ ጠፍቶ አይደለም። በጎንደር አጠገብ በወለቃና በሌላም ስፍራ የታወቁ ብረት ሠሪዎች ነበሩ፤ ሕዝቡ ግን ማረሻውን ከእነርሱ እየገዛ ቡዳ እያለ ይሰድባቸው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። በዚያ በር ላይ የሰማሁት ዘለፋ ግን ዐዋጁ ገና በሁላችን ልብ ውስጥ እንዳልገባ አስረዳኝ።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከመካከላችን በእጁ ሥራ ለመኖር የሚፈልግ ቢገኝ አንሣቅበት። ወላጆቻችንም ልጃቸው ሞረድ ይዞ ቢያዩት የትምህርቱ ድካም ከንቱ ቀረ ብለው አይዘኑ። ላይነስ ዬል ሥዕሉን ትቶ ሞረድ ያነሣ ጊዜ ከክብሩ አልወረደም፤ እኛ ዛሬ ስሙን የምናነሣው በዚሁ ሥራው ነው።