በየዕለቱ ምስጋና፤ የቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ (አቡነ ያዕቆብ) ሕይወት

በአገራችን ሰው እንዴት አደርክ ተብሎ ሲጠየቅ እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ይመልሳል። የጠገበውም የተራበውም፣ ጤነኛውም በሽተኛውም ይኸንኑ ይላል። ከአባቶቻችን የወረስነው ይህ መልስ በራሱ አጭር ጸሎት ነው። ሆኖም ብዙ ጊዜ የሚነገር ቃል በአፍ ላይ ቀርቶ ወደ ልብ ሳይወርድ ሊቀር ይችላል። ነገር ሲሳካልን ማመስገን አይከብደንም። የደከምንበት ሲፈርስ፣ ውለታ የዋልንለት ሰው ፊቱን ሲያዞርብን ግን ምስጋናው በጉሮሮአችን ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ የምናስታውሳቸው የአገራችን ሐዋርያ ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ አባቶቻችን አቡነ ያዕቆብ ብለው የጠሯቸው፣ በዚህ ፈተና ውስጥ ያለፉ አባት ናቸው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቅዱስ ዮስጢኖስ ጥቅምት 9 ቀን 1800 በደቡብ ኢጣሊያ ሳን ፈሌ በምትባል ተራራማ መንደር ተወለዱ። ቤተ ሰቡ ብዙ ልጆች የነበሩበት ሲሆን፣ የእምነትን ፊደል አስቀድመው የቈጠሩት ከእናታቸው ዘንድ ነበር። በልጅነታቸው ቤተ ሰቡ ወደ ናፖሊ ከተማ ተዛወረ። በ1818 የቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል ማኅበር ወደሆነው የላዛሪስት ማኅበር ገቡ፤ ሰኔ 12 ቀን 1824 በብሪንዲዚ ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በደቡብ ኢጣሊያ ገጠሮች እየተዘዋወሩ ድኾችን አስተማሩ፣ ኑዛዜ ተቀበሉ፣ የታመሙትን ጠየቁ። በ1836 እና በ1837 ናፖሊ በኮሌራ ወረርሽኝ በተመታች ጊዜም ከሕሙማን አልተለዩም። ይህ ሁሉ አንድ ካህን በየዕለቱ የሚሠራው ሥራ ነው። ቅድስናቸው የበሰለው በዚሁ በዕለት ተዕለት አገልግሎት ውስጥ ነበር።

በ1839 ቅድስት መንበር ለኢትዮጵያ ተልእኮ ኃላፊ አድርጋ ሾመቻቸው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ምጽዋ ደርሰው ወደ ዐድዋ ወጡ። አገሪቱ ያን ጊዜ በመሳፍንት ተከፋፍላ ነበር፤ ትግራይንና ሰሜንን የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ነበሩ። ሕዝቡም ከባሕር ማዶ የሚመጣን ሰው በጥርጣሬ ይመለከት ነበር፤ ከቀደሙት ዘመናት የተረፈው የሃይማኖት ጠብ ትዝታ ገና አልደበዘዘም። አቡነ ያዕቆብ ይህን በሚገባ ተረድተው ነበር። ስለዚህ ከማስተማር በፊት መማርን መረጡ። ግዕዙን፣ አማርኛውንና ትግርኛውን አጠኑ። እንደ አገሩ መነኮሳት ለበሱ፣ የአገሩን ምግብ ተመገቡ፣ ጾሙን ጾሙ። በጥር ወር 1840 ዐድዋ ላይ ለጥቂት ሰዎች የመጀመሪያ ንግግራቸውን ባደረጉ ጊዜም በፍቅር ሊያገለግሏቸው እንደመጡ ነገሯቸው እንጂ በክርክር አልጀመሩም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ምስጋና ከቃል በፊት አንድ የአስተያየት መንገድ ነው። አመስጋኝ ሰው በሌላው ዘንድ ያለውን መልካም ነገር ያያል፤ ያየውንም የእግዚአብሔር ስጦታ አድርጎ ይቀበለዋል። አቡነ ያዕቆብ በኢትዮጵያ ክርስትና ውስጥ የአባቶችን ጾም፣ የቅዳሴውን ክብርና ለእመቤታችን ያለውን ፍቅር ተመለከቱ። በዚያን ዘመን ብዙ ሰዎች ካቶሊካዊ መሆን ማለት የላቲንን ሥርዓት መያዝ ይመስላቸው ነበር። እርሳቸው ግን የግዕዙ ሥርዓት እንዲጠበቅ፣ የአገሩ ተወላጆች ካህናትም በዚሁ ሥርዓት እንዲያገለግሉ ደከሙ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1964፣ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሥርዓታቸውን እንዲጠብቁ ባስተማረ ጊዜ፣ አቡነ ያዕቆብ በኑሮአቸው የያዙት መንገድ ትክክለኛነቱ ተመሰከረ።

በ1841 ደጃዝማች ውቤ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ካይሮ መልእክተኞች ሲልኩ አቡነ ያዕቆብ አብረው እንዲሄዱ ለመኗቸው። ነገሩ ለካቶሊካዊ ካህን አስቸጋሪ ነበር። ቢሆንም ያስተናገዳቸውን አገር ጥያቄ ችላ አላሉም፤ ሄዱ። ካይሮ ላይ ፓትርያርኩ በበጎ ዓይን አልተመለከቷቸውም። ጳጳሱ ከተሰጠ በኋላ ከመልእክተኞቹ ከፊሎቹን ይዘው ወደ ሮም ተጓዙ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛም በአባታዊ ፍቅር ተቀበሏቸው። ከመንገደኞቹ መካከል የጎጃም ተወላጅ የሆኑት ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። እኚህ ሊቅ በጉዞው ላይ የአቡነ ያዕቆብን ትሕትና በቅርብ አዩ። በ1844 ከካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ ሆኑ፤ በ1851ም ከአቡነ ያዕቆብ እጅ ክህነት ተቀበሉ። ሁለቱ አብረው ተማሪዎችን አስተማሩ፤ ትምህርተ ክርስቶስንም በአገሩ ቋንቋ አዘጋጁ።

ከዚያው ጉዞ የተገኙት ጳጳስ አቡነ ሰላማ ግን ኋላ ላይ የካቶሊካዊውን ተልእኮ አጥብቀው የሚቃወሙ ሆኑ። ይህን የምናነሣው የቆየ ቁስል ለመነካካት አይደለም። ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ጋር በመከባበር መኖር ግዴታችን ነው፤ የአቡነ ያዕቆብም ሕይወት የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። የምናነሣው በእያንዳንዳችን ቤት የሚደርስ ነገር ስለሆነ ነው። አብሮ የደከመ ሰው በድካሙ ፍሬ ሲጎዳ፣ ልቡ ወደ ምሬት ሊያዘነብል ይችላል። አቡነ ያዕቆብ ውለታቸውን ቈጥረው ዋጋ ቢጠይቁ ኖሮ ሥራቸው በዚያ በቆመ ነበር። እርሳቸው ግን በጓላ ለአገሩ ተወላጆች የዘርአ ክህነት ቤት አቋቋሙ፤ እስከ አሊቴና ድረስ እየተጓዙ ሕዝቡን አገለገሉ።

በ1847 ሐዋርያዊ እንደራሴ ሆነው ለጵጵስና ተመረጡ፤ ማዕርጉ አይገባኝም ብለው ብዙ ጊዜ እምቢ አሉ። በመጨረሻ በ1849 በምጽዋ፣ ስደት ስለነበረ በስውር፣ በሌሊት፣ አቡነ መስያስ በተባሉት በጉልዬልሞ ማሳያ እጅ ጵጵስና ተቀበሉ። ካቴድራልም፣ የሕዝብ እልልታም አልነበረም። ታላቁ የምስጋና ቀናቸው በጨለማ ውስጥ አለፈ።

ከዚያ በኋላ መከራው በረታ። በ1854 ጎንደር ላይ ከባልደረቦቻቸው ጋር ታሰሩ። እርሳቸው ለወራት ከታሰሩ በኋላ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ፤ አባ ገብረ ሚካኤል ግን በሰንሰለት እንደታሰሩ ቀሩ። እኚህ የከበሩ ሊቅ፣ የአቡነ ያዕቆብ ልጅም ወዳጅም የነበሩት፣ ነሐሴ 28 ቀን 1855 ከእስራታቸው ሳይፈቱ ዐረፉ። አባት ልጁን መቅበር እንኳ አልቻለም።

አቡነ ያዕቆብ የቀሩትን ዓመታት በቀይ ባሕር አጠገብ ባለው ቆላና በአካለ ጉዛይ ደጋ፣ በምኩሉ፣ በሓላይና በሕቦ አካባቢ አሳለፉ። የተበተኑትን ምእመናን ሰበሰቡ፣ ተማሪዎቻቸውን አስተማሩ። በ1860 እንደገና ተይዘው ተንገላቱ፤ ጤናቸውም ደከመ። በሐምሌ ወር መጨረሻ ከምኩሉ ተነሥተው የደጋውን አየር ፍለጋ ወደ ሓላይ ሲጓዙ፣ በአሊጋደ ሸለቆ ትኩሳቱ ጸናባቸው። ሐምሌ 31 ቀን 1860 በመንገድ ዳር፣ በመሬት ላይ ተጋድመው፣ ራሳቸውን በድንጋይ አስደግፈው፣ በዙሪያቸው የተሰበሰቡትን መነኮሳትና ተማሪዎች ባርከው ዐረፉ። ሥጋቸው በሕቦ ተቀበረ፤ ቦታው እስከ ዛሬ የምእመናን መሳለሚያ ነው።

በሰው ሚዛን ብንመዝነው ሥራቸው ምን ነበር? ጥቂት ካህናት፣ የተበተኑ ምእመናን፣ በጉዞ መካከል የተቋረጠ ሕይወት። ሆኖም ዘሩ በመሬት ውስጥ ነበር። አባ ገብረ ሚካኤል በ1926 ብፁዕ ተባሉ። አቡነ ያዕቆብ በ1939 ብፁዕ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1975 ደግሞ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ቅዱስ ተባሉ። በ1961 አዲስ አበባ የሊቀ ጳጳሳት መንበር ስትሆን፣ ዓዲግራትና አሥመራም የራሳቸው ሀገረ ስብከት ሆኑ። በ2015ም ኤርትራ የራስዋን መንበረ ሜትሮፖሊታን አገኘች። በእነዚህ ሁሉ አብያተ ክርስቲያናት ቅዳሴው በግዕዝ ሥርዓት ይቀርባል። አቡነ ያዕቆብ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላዩም።

ታዲያ በዓይናቸው ያላዩትን ፍሬ ይዘው እንዴት ማመስገን ቻሉ? ምስጢሩ ያለው በመሠዊያው ላይ ነው። አባቶቻችን የቅዳሴውን ጸሎት አኰቴተ ቁርባን ብለው ሰይመውታል፤ አኰቴት ምስጋና ማለት ነው። ጌታችን ኅብስቱን አንሥቶ ያመሰገነው መከራው አልፎ በትንሣኤው ማግሥት አልነበረም፤ አልፎ በተሰጠባት ሌሊት ነበር። ስለዚህ ክርስቲያናዊ ምስጋና የተመቸ ቀንን አይጠብቅም። ካህኑ በየዕለቱ የሚያቀርበው፣ ምእመኑም የሚካፈለው ቁርባን በችግር መካከል የሚቀርብ ምስጋና ነው። አቡነ ያዕቆብ ከዚህ ማዕድ የተቀበሉትን በመንገድ ላይ ኖሩት።

ከለምጽ ከነጹት ዐሥር ሰዎች መካከል ሊያመሰግን የተመለሰው አንዱ ብቻ፣ እርሱም የሌላ ወገን ሰው እንደነበረ ወንጌል ይነግረናል። እኛም ከሩቅ አገር መጥተው ስለ እኛ ክርስትና እግዚአብሔርን ያመሰገኑ አባት ካሉን፣ የያዝነውን ቸል ልንል አይገባም። ለእናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በተለይ እንዲህ እላለሁ። ዝናብ በሚያፈስስ ክፍል፣ ያለ በቂ መጻሕፍት፣ አንዳንዴም ያለ አመስጋኝ የምታስተምሯቸው ሕፃናት የነገዋ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ፍሬውን ላታዩት ትችላላችሁ፤ ዘሩን ግን እናንተ ይዛችኋል። የቤተ ሰብ አባቶችና እናቶችም ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ በዕለቱ ስለተቀበላችሁት ስለ አንድ መልካም ነገር አብራችሁ አመስግኑ፤ የከፋ ቀን ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ፈልጉት። የጎዳችሁ ሰው ካለም ስሙን በጸሎታችሁ አንሡ። ያን ጊዜ ጠዋት ጎረቤት እንዴት አደራችሁ ሲላችሁ የምትመልሱት መልስ ከልብ የወጣ ይሆናል።

የቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።