ቤሲ ኮልማን፦ በአንዲት መፍቻ የተቀጨ የበረራ ሕይወት

ቤሲ ኮልማን የአውሮፕላን አብራሪነት ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። እ.ኤ.አ በጥር 1892 በቴክሳስ ተወልዳ፣ ልጅነቷን ቤተሰቧን በጥጥ ለቀማ በመርዳት አሳልፋለች። ኋላም ወደ ቺካጎ አቅንታ በወንዶች ፀጉር ቤት በጥፍር ማሳመር ሥራ ተሰማርታለች።

የአሜሪካ የበረራ ትምህርት ቤቶች በጥቁርነቷና በሴትነቷ ምክንያት በራቸውን ሲዘጉባት፣ ፈረንሳይኛ ተምራ ወደ ፈረንሳይ ተጓዘች። በዚያም በኮድሮን ወንድማማቾች ትምህርት ቤት ሠልጥና፣ እ.ኤ.አ ሰኔ 15 ቀን 1921 ዓለም አቀፍ ፈቃዷን ተቀበለች። ወደ አገሯ ተመልሳም በአየር ላይ ትርኢት ዝናን አተረፈች። ዋነኛ ዓላማዋ ግን ለወገኖቿ የበረራ ትምህርት ቤት መክፈት ነበር።

እ.ኤ.አ በ1923 የአውሮፕላኗ ሞተር በመጥፋቱ ወድቃ እግሯ ቢሰበርም፣ ከድና በኋላ ወደ በረራ ተመልሳለች። ከሦስት ዓመት በኋላ ሚያዝያ 30 ቀን 1926 በፍሎሪዳ ጃክሰንቪል ከተማ ለትርኢት ስትዘጋጅ፣ መካኒኳ እያበረረ እርሷ በጃንጥላ የምትወርድበትን ስፍራ ከላይ ትቃኝ ነበር። አሻግራ ለማየት እንዲመቻትም የመቀመጫ ቀበቶዋን አላሰረችም። አውሮፕላኑ በድንገት ወደ ታች አዘቅዝቆ ሲሽከረከር፣ ኮልማን ከመቀመጫዋ ተወርውራ በ34 ዓመቷ ሕይወቷ አለፈ። መካኒኩም ከአውሮፕላኑ ጋር ተከስክሶ ሞተ።

አሮጌው አውሮፕላን ከቴክሳስ ሲመጣ በሞተር ብልሽት ከአንድ ጊዜ በላይ ተገዶ አርፎ ስለነበር፣ ጥርጣሬው በቅድሚያ በሞተሩ ላይ ሊያርፍ ይችል ነበር። ይሁንና ስብርባሪው ሲፈተሽ የተገኘው ሌላ ነው፤ አንዲት መፍቻ በመቆጣጠሪያው ጥርሶች መካከል ገብታ መሪውን ቆልፋው ነበር። አውሮፕላኑን የጣለው ከቦታው ውጭ የቀረ መሣሪያ ሲሆን፣ ኮልማንን ከአውሮፕላኑ የለያት ያልታሰረ ቀበቶ ነው። ሁለቱም ከበረራ በፊት በሚደረግ አጭር ፍተሻ ሊታረሙ የሚችሉ ነበሩ።

ትምህርት ቤቱን ሳትከፍት ብትሞትም፣ ዓላማዋ በተከታዮቿ ቀጥሏል። የቺካጎ ጥቁር አብራሪዎች እ.ኤ.አ ከ1931 ጀምሮ በመቃብሯ ላይ እየበረሩ መታሰቢያዋን አክብረዋል። ከማኅበራቸው መሥራቾች አንዱ የሆነው ጆን ሮቢንሰን በ1935 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በፋሽስት ወረራ ወቅት የአገሪቱን አየር ኃይል መርቷል። ከነጻነት በኋላም ተመልሶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠልጥኗል። እርሱም በ1954 በአዲስ አበባ በደረሰ የአነስተኛ አውሮፕላን አደጋ ሳቢያ ሕይወቱ አልፏል።