ሰር ሃሮልድ ሪድሊ፤ በዓይን ውስጥ ሌንስ የተከሉት ሐኪም

መነጽሩን ጥሎ ዓይኑን በሌዘር ለማስተካከል የሚመኝ ተማሪ በመካከላችን ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ኮርኒያው የሳሳበት ወይም የቅርብ ተመልካችነቱ እጅግ የበዛበት ሰው ሌዘሩ ላይስማማው ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው ሐኪሞች ሌላ መንገድ አላቸው፤ የተፈጥሮ ሌንሱን ሳያወጡ ከፊቱ ስስ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያኖሩለታል። ለዚህ ጥበብ በር የከፈቱት እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሪድሊ ናቸው።

ሪድሊ በ1906 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። በካምብሪጅና በለንደኑ ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ተምረው እንደ አባታቸው የዓይን ሐኪም ሆኑ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዛሬዋ ጋና የወንዝ ዳር ዕውርነት የሚባለውን በሽታ አጠኑ። በሽታው ለእኛ ለከፋ ሰዎች እንግዳ አይደለም፤ ፈጥኖ በሚፈስስ ወንዝ ዳር የምትራባው ጥቁር ዝንብ የምታስተላልፈው ሲሆን፣ በአገራችን ግን ከዓይን ይልቅ ቆዳን ይጎዳል።

ያው ጦርነት ሌላም ትምህርት ሰጣቸው። በ1940 የአውሮፕላኑ መከለያ ተሰባብሮ ስባሪው ዓይኑ ውስጥ የገባበትን አንድ አብራሪ መረመሩ። ስባሪው ፐርስፔክስ የተባለው ፕላስቲክ ነበር፤ በዓይኑ ውስጥ ቢቀርም ዓይኑን አላስቆጣውም። በዚያን ዘመን የዓይን ሞራ የወጣለት ሰው ያለ ወፍራም መነጽር አያይም ነበር። በኋላም አንድ የሕክምና ተማሪ ሞራ ሲወጣ ተመልክቶ፣ በወጣው ሌንስ ፈንታ ሌላ ለምን እንደማይገባ ጠየቃቸው።

ሪድሊም ኖቬምበር 29 ቀን 1949 በአንዲት የ45 ዓመት ሴት ላይ ሥራውን ጀመሩ፤ ሌንሱ በቋሚነት የተተከለው በፌብሩዋሪ 1950 ነው። የሌንሱ ኃይል በትክክል ስላልተለካ ሴትዮዋ እጅግ ቅርብ ተመልካች ሆነች፤ ዓይኗ ግን ባዕዱን ነገር ተቀበለው።

በ1951 ሥራቸውን በኦክስፎርድ ጉባኤ ሲገልጹ የሙያው አለቆች ተቃወሟቸው። ታላቁ ሊቅ ሰር ስቴዋርት ዱክ ኤልደር በሽተኞቹን ለማየት እንኳ እንቢ አሉ። ሪድሊ በ1971 ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ተገቢውን ክብር አላገኙም። ጊዜ ግን ፈረደላቸው፤ በ1986 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኑ፤ በእርጅናቸውም ራሳቸው በፈጠሩት ጥበብ ዓይናቸውን ታከሙ። በ2000 የሰርነት ማዕረግ ተቀብለው፣ በ2001 በ94 ዓመታቸው አረፉ።

ያቺ የተማሪ ጥያቄ ዛሬ ለሚሊዮኖች ብርሃን ሆናለች። እንግዲህ በክፍል ውስጥ ጥያቄውን አፍሮ የሚውጥ ጓደኛችን ይህን ያስብ፤ መምህር የሆነም ጥያቄን ሳይመረምር አይመልስ።