የቆዳ ፋቂው ልጅ ሉዊ ፓስተር

ከኮልፌ ቀራንዮ ተነሥቶ በጳውሎስ ሆስፒታል በኩል ወደ ጉለሌ የሚያልፍ ሰው ፓስተር የሚባል ሰፈር ያገኛል። ስሙ የሰፈርና የታክሲ መቆሚያ ስም ሁኖ ስለ ቀረ ብዙዎቻችን ከስሙ በስተኋላ አንድ ሰው መኖሩን ዘንግተነዋል። እንዲያውም አንድ ወንድማችን ሰፈሩ በአንድ ሰባኪ ስም የተሰየመ ይመስለው ነበር። እውነቱ ግን ከፓሪሱ የፓስተር ኢንስቲቱት ጋር በተደረገ ስምምነት ይሠራ የነበረው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲቱት በዚያ ስለ ነበረ ነው። ዛሬ በዚያ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛል።

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ያነሣሣን ሰፈሩ ሳይሆን በመኝታ ክፍላችን የተነሣ ክርክር ነው። ኮልፌ የሚኖር አንድ የትምህርት ጓደኛችን ውሻውን ከአራት ዓመት በፊት አስከትቦ ነበር። ባለፈው ክረምት ውሻው የጎረቤት ልጅ ነከሰ። ጓደኛችን ውሻው የተከተበ ነውና ምንም አያመጣም ብሎ ተሟገተ፤ የልጁ እናት ግን ከአራት ዓመት በፊት የተወጋ መርፌ ዛሬም ይጠብቃል ወይ ብላ ጠየቀችው። መልስ አላገኘም። ማታ ጥያቄውን ወደ እኛ ቢያመጣው ስድስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተቀምጠን አንዳችንም አላወቅነውም። ያፈርንበትን ነገር ከሥሩ ለማየት ከሰውየው ሕይወት መጀመር የተሻለ መስሎ ታየን። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሉዊ ፓስተር ዲሴምበር 27 ቀን 1822 ዶል በምትባል የፈረንሳይ ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ በናፖሌዎን ጦር ውስጥ ያገለገለ፣ ከዘመቻ ከተመለሰ በኋላ ግን ቆዳ እየፋቀ የሚኖር ሰው ነበር። በአገራችን ቆዳ ፋቂ የሚለው ቃል ለስድብ ይውል እንደ ነበረ የምናውቅ ሁሉ ይህን ነገር ሳናስተውል ልናልፈው አይገባም። ልጁ በ15 ዓመቱ ለትምህርት ወደ ፓሪስ ቢላክ የቤቱ ናፍቆት፣ በተለይም የአባቱ የቆዳ ፋብሪካ ሽታ ናፍቆት አላስቀምጥ ብሎት ጥቂት ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰ። በኋላም በፈተና ላይ በኬሚስትሪ ያገኘው ማርክ መካከለኛ የሚባል ነበር። ወደ ታላቁ የመምህራን ትምህርት ቤት ለመግባት በ1842 ተፈትኖ ቢያልፍም ደረጃው ዝቅ ያለ መስሎ ስለ ታየው ትቶ ወጣ፤ በዓመቱ እንደገና ተፈትኖ 4ኛ ሁኖ ገባ። በየሴሜስተሩ ውጤት ለምንጨነቅ ለእኛ ይህ ሳያጽናና አይቀርም።

ገና የ25 ዓመት ወጣት ሳለ በ1848 ስለ ክሪስታሎች ባደረገው ምርምር ስሙ ተጠራ። ቀጥሎ በሊል ከተማ ፕሮፌሰር ሳለ ከስኳር ቀይ ሥር አልኮል የሚያወጣ አንድ ነጋዴ ጠጁ እየተበላሸ ቢያስቸግረው ወደ እርሱ መጣ። ፓስተርም በማይክሮስኮፕ እየተመለከተ ጠጅን ጠጅ፣ ጠላን ጠላ የሚያደርጉት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ነገሮች መሆናቸውን፣ መጠጡን የሚያበላሹትም ሌሎች መሰሎቻቸው መሆናቸውን አስረዳ። ዛሬ በላስቲክ የምንገዛው ወተት በእርሱ ስም በሚጠራ ዘዴ የተሞቀ ነው።

ኑሮው ግን እንደ ሥራው የተቃና አልነበረም። ከአምስት ልጆቹ ሦስቱ ሴቶች በልጅነታቸው ሞቱበት፤ ከእነርሱም ሁለቱን የገደላቸው ተስቦ ነው። በ1868 በ45 ዓመቱ ደም በአንጎሉ ፈስሶ ግራ ጎኑ ሽባ ሆነ። ከዚያ ወዲያ የሠራውን ሁሉ፣ ዓለም የሚያውቀውንም ጭምር፣ የሠራው በአንድ እጁና በረዳቶቹ እጅ ነው።

ለማኅበራችን አባሎች አንድ ነገር ሳንጨምር ማለፍ አንፈልግም። ይህ ታላቅ ሰው በተማረበት ትምህርት ቤት ለ10 ዓመት ያህል አስተዳዳሪ ነበር፤ በዚህ ሥራው ግን ተማሪዎቹ አልወደዱትም። ደንብ አጥባቂ፣ ቍጡ፣ የተማሪን ቅሬታ መስማት የማይወድ ነበር። በ1867 ተማሪዎች ባነሡት ሁከት ትምህርት ቤቱ ለጊዜው ተዘጋ፤ ፓስተርም ከአስተዳዳሪነቱ ተነሣ። ለሳይንስ ጥሩ ሆነለት ማለት ይቻላል።

ወደ ክትባቱ እንመለስ። ከእርሱ በፊት እንግሊዛዊው ጄነር በ1796 የላም ፈንጣጣ ለወሰደው ሰው የሰው ፈንጣጣ እንደማይዘው አሳይቶ ነበር። ጄነር አንድ ጊዜ የተከተበ ዕድሜ ልኩን ይጠበቃል ብሎ ያምን ነበር፤ ይህ ግን ስሕተት ሁኖ ተገኘ። ከዓመታት በኋላ የተከተቡ ሰዎች ስለ ታመሙ በ1874 የጀርመን መንግሥት ልጆች በ12 ዓመታቸው ዳግመኛ እንዲከተቡ ሕግ አወጣ። እንግዲህ የኮልፌዋ እናት ጥያቄ ከፓስተር ክትባት በፊት የነበረ ጥያቄ ነው።

ፓስተር የጨመረው የበሽታውን ተውሳክ በላቦራቶር ማድከምን ነው። በ1879 የዶሮ ኮሌራ ተውሳክ ሲመረምር ብዙ ጊዜ ተቀምጦ የቆየው ተውሳክ ዶሮዎቹን ሳይገድል እንደሚያሳምማቸው፣ እነዚያው ዶሮዎች በኋላ አዲሱ ቢወጋቸው እንደማይሞቱ አየ። በ1881 ደግሞ ፑዪ ለ ፎር በሚባል ሥፍራ የአባ ሰንጋ ክትባቱን በሕዝብ ፊት አሳየ። 24 በጎች፣ አንድ ፍየልና 6 ከብቶች ሜይ 5 እና ሜይ 17 ቀን ሁለት ጊዜ ተከተቡ፤ ሜይ 31 ቀን ከሌሎች ካልተከተቡ ጋር ገዳዩ ተውሳክ ተወጋቸው። ጁን 2 ቀን ሕዝቡ ሲመጣ የተከተቡት ቁመው ይበላሉ፤ ካልተከተቡት በጎች አብዛኞቹ በድን ሁነው ወድቀዋል፤ የቀሩትም በዚያው ቀን አለቁ። ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ የምርምር ደብተሮቹ ሲመረመሩ ግን የተጠቀመበት ክትባት ሕዝቡ ያመነው በአየር የደከመው ሳይሆን ረዳቱ ሻምበርላን በኬሚካል ያደከመው መሆኑ ታወቀ። ሰውየው ዝናውን ይወድ ነበር። ያም ሆነ ይህ አንድ መርፌ አልበቃም፤ ሁለተኛ አስፈልጓል፤ የአባ ሰንጋ ክትባት ዛሬም ለከብት በየዓመቱ ይደጋገማል።

የእብድ ውሻን በሽታ ከልጅነቱ ያውቀው ነበር። በ1831 ባደገባት በአርቧ አገር አንድ ያበደ ተኵላ ሰው እየነከሰ ሲያልፍ የተነከሱትን ሰዎች ቀጥቃጩ ቤት ወስደው ቁስላቸውን በጋለ ብረት ሲተኵሱ አይቷል። በ1880 ምርምሩን ሲጀምር የበሽታው ተውሳክ በማይክሮስኮፕ አልታይ አለው። ረዳቱ ኤሚል ሩ ከታመመ እንስሳ የተወሰደውን በቀጥታ ወደ ውሻ አንጎል ማስገባት እንደሚሻል አሳብ አቀረበ። ፓስተር የውሻው የራስ ቅል መበሳቱ አሳዝኖት አልፈቀደም። አንድ ቀን እርሱ ሳይኖር ሩ ሥራውን ፈጸመው፤ ፓስተር ተመልሶ ውሻው እየሮጠ ሲያየው ነው ነፍሱ የተመለሰች። ከዚያ በኋላ በበሽታው የሞቱ ጥንቸሎችን የጀርባ ሕብለ ሰረሰር ደረቅ አየር ባለበት ጠርሙስ ውስጥ እያንጠለጠሉ ማድረቅ ጀመሩ፤ በደረቀ ቍጥር ኃይሉ ይደክማል። በ1884 መንግሥት ያቆመው ኮሚሲዮን 23 የተከተቡ ውሾችን ከ19 ካልተከተቡ ጋር ፈትኖ ከተከተቡት አንዱም እንዳላበደ መሰከረ።

አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ ክትባቱ አስቀድሞ የታሰበው ለውሻ ነበር። ሆኖም ፓስተር ሒሳቡን ቢያስብ አልሆነለትም። በፓሪስ ብቻ 100,000፣ በመላው ፈረንሳይ 2,500,000 ያህል ውሾች ነበሩ፤ እያንዳንዱም ብዙ ጊዜ መወጋት ነበረበት። ይህን ሁሉ ውሻ የሚያስቀምጥ ቤት ከየት ይመጣል? ጥንቸሉስ? ስለዚህ አሳቡን አዞረና የተነከሰን ሰው በሽታው ከመነሣቱ በፊት ቀድሞ ስለ መከተብ ማሰብ ያዘ።

ጁላይ 6 ቀን 1885 ከአልዛስ የመጣ ዮሴፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ ከሁለት ቀን በፊት ያበደ ውሻ 14 ቦታ ነክሶት ከእናቱ ጋር ደረሰ። ፓስተር ሐኪም አልነበረም፤ መርፌ ለመውጋት ሕግ አይፈቅድለትም። ዶክቶር ግራንሼ ወጋለት። በመጀመሪያ 15 ቀን የደረቀው፣ እየቆየ አዲሱ፣ በመጨረሻ ገዳዩ ራሱ፤ በ11 ቀን ውስጥ 13 ጊዜ። ፓስተር በእነዚያ ሌሊቶች አልተኛም ይባላል፤ እናምናለን፤ ምክንያቱም ደብተሮቹ እንደሚያሳዩት በዚያው ዘዴ በውሾች ላይ የጀመረው ፈተና ገና አላለቀም ነበር። ሩም በዚህ ሥራ እጁን አላስገባም። ልጁ ዳነ፤ አድጎም የፓስተር ኢንስቲቱት ዘበኛ ሆነ። በዚያው ዓመት ከተነከሰች ከ37 ቀን በኋላ ያመጧት ሉዊዝ ፔልቲዬ የምትባል ልጅ ግን ሞተች። እንደማይሆን እያወቀ እምቢ ማለት አልቻለም፤ ጠላቶቹም ገደላት ብለው ጮኹበት። በዚህ ሥራው፣ ከድሉም ይልቅ፣ እኛ ሰውየውን ወደድነው።

በ1888 በሕዝብ መዋጮ ኢንስቲቱቱ ተከፈተለት። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1895 በፓሪስ አጠገብ ቪልነቭ ለታን በሚባል ሥፍራ ሞተ። የምርምሩ ውሾች የሚጠበቁት በዚያ ነበር።

ከ8 ዓመት በኋላ በኦገስት 1903 በአዲስ አበባ የውሻ እብደት ወረርሽኝ እንደ ተነሣ ተጽፏል። ዘዴው ወደ እኛ ሲደርስ ሌሎች ለውጠውት ነበር፤ በጥንቸል ሕብለ ሰረሰር ፋንታ በበግ አንጎል የተሠራ፣ ለብዙ ቀናት በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ ክትባት ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት አገልግሏል። የኮልፌ ሽማግሌዎች ፓስተር ሂዶ ሆዱን ተወጋ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ፓስተር የተወውን የውሻ ሒሳብ ያነሡት ጃፓኖች ናቸው። በ1921 ኡሜኖና ዶይ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በአንድ መርፌ ብቻ ውሻን የሚጠብቅ ክትባት አስታወቁ። ጃፓን በ1950 ባወጣችው ሕግ ውሻ ሁሉ እንዲከተብ አስገደደች፤ በ1957 በሽታው ከአገሩ ጠፋ።

እንግዲህ ዛሬ ነገሩ እንዴት ነው? ቡችላ በሦስት ወሩ ገደማ ይከተባል፤ በዓመቱ ይደገምለታል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ክትባቱ ዓይነት በየዓመቱ ወይም በየሦስት ዓመቱ። በየዓመቱ መውጋት ለነጋዴ እንጂ ለውሻ አይጠቅምም የሚሉ ባለ ውሾች በውጭ አገር ብዙ ናቸው፤ ስለ አንዳንድ ሌሎች የውሻ በሽታዎች እውነት አላቸው፤ የፓርቮና የዲስቴምፐር ክትባት ለአዋቂ ውሻ ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ መድገም እንደማያስፈልግ የእንስሳት ሐኪሞች ራሳቸው ይመክራሉ። በመርፌ ፋንታ ደሙን እናስመርምር የሚሉም አሉ፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 0.5 ዩኒት ፀረ ተውሳክ ከተገኘ ክትባቱ ሠርቷል ይባላል። ነገር ግን ምርመራው ከመርፌው ይልቅ ይወደዳል፤ ለእብድ ውሻ በሽታም የክትባቱን ወረቀት አይተካም። በባህል መድኃኒት መተማመን ደግሞ አይነሣ፤ በሽታው አንዴ ከተነሣ የሚመልሰው የለም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛም ነገር አለ። ለአንድ ውሻ ሦስት ዓመት ቢበቃም ለሰፈር አይበቃም። በሽታው በሰፈር እንዳይዛመት ከ100 ውሾች 70 መከተብ አለባቸው ይባላል። በቆሼ ዙሪያ፣ በየሥጋ ቤቱ በር፣ በየወንዙ ዳር የሚኖረው ውሻ ዕድሜው አጭር ነው፤ ዛሬ 70 ቢከተቡ በዓመቱ ግማሹ ሙቶ ያልተከተበ ቡችላ ይተካዋል። ዘመቻው በየዓመቱ የሚደገመው መድኃኒቱ ስለሚያልቅበት ብቻ ሳይሆን ውሻው ስለሚለዋወጥ ነው። ፓስተር በ100,000 ውሾች ፊት ቁሞ ተስፋ የቈረጠበት ሒሳብ ይኸው ነበር።

ጓደኛችን ይህን ሁሉ ካነበብንለት በኋላ ተከራክሮ አልጨረሰም። ያም ሆኖ የልጁ እናት ሳትጠብቀው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥባ፣ ሳይመሽ ሐኪም ቤት ወስዳ ክትባቱን አስጀምራው ኖሯል። ውሻው 10 ቀን ታስሮ ተጠበቀ፤ አላበደም። ጓደኛችንም በ11ኛው ቀን ውሻውን በገመድ እየጎተተ ሲያስከትበው ወደ ሰፈር የወጡ ልጆች ተከትለውት ነበር፤ የተነከሰውም ልጅ አብሮ ነበረ፣ ጥቂት ራቅ ብሎ።